የሕዝብ ጤና ጥበቃ ከየቤቱ ደጃፍ ይጀምራል

የአንድ አገር ሕዝብ በርትቶ ለማረስ፥ ለመነገድ፥ ለመማርና ለማስተማር የሚችለው ጤና ሲኖረው ነው። ስለዚህ የጤና ጥበቃ ሥራ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ሳይሆን፥ ሕዝብን ለማስተዳደርና ለማስተማር ኀላፊነት የተሰጣቸው ሁሉ ሊሳተፉበት የሚገባ ነው። ሥራውም በሁለት መንገድ ይፈጸማል፤ አንደኛው የታመመውን ማከም፥ ሁለተኛው ጤነኛው እንዳይታመም መጠበቅ ነው። ሁለቱም አስፈላጊዎች ቢሆኑም፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉ አባቶች ጥበቃን ማስቀደማቸው በከንቱ አይደለም።

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰውን ፈጅቷል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ከዚያ ዘመን ጋራ የተያያዘ ነው። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለ ሆነ ጢሱ መድኃኒት ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ልማዱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ሕዝብ በልቡ ያመነበትን ነገር ማንም ሳያስገድደው ከልጅ ወደ ልጅ እያስተላለፈ ሲፈጽመው መኖሩ ነው።

በሽታን አስቀድሞ የመከላከል ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ሕዝብ ሲያሠለጥን ቆይቷል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታትም መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ሕዝቡ በሚኖርበት ሥፍራ እንዲደርስለት ተስማሙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፥ ደመወዝ ተቈርጦላቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ አሠራር፥ ስለ ውሃ አጠባበቅ፥ ስለ ክትባት፥ ስለ ወባና ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና እንዲያስተምሩ ተደረገ። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ።

ከዚህ ሥራና አብረውት ከተደረጉት ሌሎች ሥራዎች የተገኘው ፍሬ የሚታይ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ወደ 67 ወርዶ ተገኘ። ክትባታቸውን ሁሉ የፈጸሙት ሕፃናትም ከመቶ 14 ወደ 39 ከፍ ብለዋል። ይሁን እንጂ በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከቤተሰቡ ሁሉ ሲሶ ያህሉ ምንም ዓይነት መጸዳጃ አልነበረውም፤ ደኅና መጸዳጃ ያለውም ከመቶ 6 ቤት ብቻ ነበር። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በሚጣለው ዓይነ ምድር ነው፤ ሕፃናትን የሚገድለው ተቅማጥም ከዚያው ይነሣል። እንግዲህ ክትባት ሲስፋፋ መጸዳጃ ወደ ኋላ የቀረበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል።

ክትባት መድኃኒቱ ከደረሰ በጥቂት ቀጠሮ የሚፈጸም ነው። መጸዳጃ ግን ቈፍሮ መተው አይበቃውም፤ ቤተሰቡ ሁሉ በየቀኑ ሊጠቀምበት፥ ከዚያም እጁን ሊታጠብ ይገባል። ይህን የመሰለ የዕለት ልማድ በትእዛዝ ብቻ አይተከልም። ጉድጓዱ ለተቈጣጣሪ ዓይን ተብሎ የተቈፈረ እንደ ሆነ፥ ተቈጣጣሪው ሲመለስ ሰውም ወደ ሜዳው ይመለሳል። በመዝገብ ላይ ግን ጉድጓዱ እንደ ተሠራ ሥራ ይቈጠራል፤ የበላይ ሹምም በዚህ ረክቶ ይቀመጣል። የሐሰት ቁጥር ከጕድለት የከፋ ነው፤ ጕድለቱ የታወቀ ነገር ይታረማል፥ በመዝገብ የተሸፈነ ግን ሕፃናትን ሲገድል ይኖራል።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የተቈፈረውን ጉድጓድ ሳይሆን አገልግሎት የሚሰጠውን ሊቈጥሩ ይገባል። የጤና ሠራተኛዋም ለሌላ ስብሰባና ለሌላ ዘመቻ እየተጠራች ከቤት ለቤት ትምህርቷ እንዳትለይ መጠበቅ አለባት። ከሁሉም በፊት የሹሙ የራሱ ቤት፥ ጽሕፈት ቤቱና ትምህርት ቤቱ ንጹሕ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ሊኖራቸው ያስፈልጋል።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ አያንስም። የጤና ሠራተኛዋ እንግዳ ሆና የምትገባበትን ቤት የነፍስ አባት እንደ ቤተሰብ ይገባበታል፤ ቃሉም ይሰማል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕዝበ እስራኤል ዓይነ ምድራቸውን ከሰፈር ውጭ ቈፍረው እንዲሸፍኑ መታዘዛቸውን ካህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ለምእመናን መግለጥም ከትምህርቱ የሚያወጣው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት ሳይለያዩ እንዲወስዱ በገለጡ ጊዜ፥ ሐኪም ብቻውን ሊያሳምነው የማይችለውን ምእመን የቤተ ክርስቲያን ቃል እንዲሰማ አድርገዋል። ለመጸዳጃና ለእጅ መታጠብም እንዲህ ያለ ቃል በየደብሩ፥ በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ቢነገር፥ በሹም ትእዛዝ የተጀመረው ሥራ የሕዝቡ የራሱ ልማድ ሊሆን ይችላል። የጤና ሠራተኛዋ፥ ሹሙና ካህኑ በአንድ ቃል ካስተማሩ፥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹን ማዳን ከአቅም በላይ አይደለም።