ብራናን ከቅርብ ስለ ማንሣት

አንድ ጥንታዊ ዳዊት ከዕቃ ቤት ወጥቶ ማኅደሩ በተገፈፈ ቁጥር የእጅ ስልኩን ዘርግቶ የሚከበው ምእመን ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሥዕል ግን ቤት ተገብቶ ሲታይ ፊደሉ ጠርቶ የሚነበበው ጥቂት ነውና፣ ባለቤቱ ወዲያው ካሜራውን ይወቅሳል፣ ገንዘብ ያለውም ሌላ ውድ ካሜራ ይገዛል። እኔ ግን ጥፋቱ ካሜራውን በባዶ እጅ ከመያዛችን ነው እላለሁ።

ከሩቅ ሲያነሡ የማይታወቀው የእጅ መንቀጥቀጥ ከቅርብ ሲሆን የሚገለጠው፣ ፊደሉን የሚያገዝፈው ሌንስ መንቀጥቀጡንም በዚያው ልክ ስለሚያገዝፈው ነው። ደግሞም ምስሉ በካሜራው ውስጥ ፊደሉን ራሱን እስኪያህል ድረስ ከተቀረበ፣ በተለመደው ሌንስ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ መዝጊያው አራት እጥፍ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ግድ ይሆንበታል፤ እንግዲህ በአንዲት መስኮት ብርሃን በሚታይ፣ ያውም ብልጭታ በተከለከለበት ዕቃ ቤት፣ አንዱ ሥዕል 1/8 ሴኮንድ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ትንፋሹን የያዘ ሰው የልቡን ትርታ ሊይዝ አይችልም።

በእኛ ፊደል ጉዳቱ ይከፋል። ካዕቡን «ቡ» ከሣልሱ «ቢ» የሚለየው ቅጥሉ በወገብ ወይም በእግር መሆኑ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው በመቃ ብዕሩ ተጠንቅቆ ያኖራትን ያችን ሰረዝ የአንድ አፍታ መናወጥ ይፍቃታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቅጂ፣ ሊቃውንት እስከ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ድረስ ሄደው እንዲመረምሩት አድርጎ አቆይቶልናል፤ በጥድፊያና በእጅ ተይዞ ቢሠራ ኖሮ ምን ይነበብ ነበር?

መጽሐፉ አትሮንስ፣ መዘምሩ መቋሚያ ሲኖረው፣ ካሜራው ብቻ ያለ ምርኩዝ መቅረቱ ይገርመኛል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይሁንለት፤ ጣትም ሲጫነው ያናውጠዋልና፣ 2 ወይም 10 ሴኮንድ ዘግይቶ በራሱ እንዲያነሣ ይደረግ፤ መስተዋት ያለው ካሜራ ከሆነም መስተዋቱ አስቀድሞ ይነሣ።

እኔም አንድ ጊዜ የአንድን ዳዊት ሐረግ በእጄ ይዤ አንሥቼ፣ ቀይና ጥቁሩ ተደበላልቆ ስላገኘሁት፣ አፍሬ ወደዚያው ደብር ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን መቆሚያውን ተክዬ 2 ሰዓት ሙሉ ስደክም፣ ቁልፋቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ ቄሰ ገበዝ፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገር ከማሕሌትም በለጠ እኮ!» አሉኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ የቀሩትን 3 ገጾች አነሣሁ።