ልጃችን ሐኪም እንዲሆን ከተመኘን ኬሚስትሪውን ያጥና



ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የማይመኝ ወላጅ የለም። ልጁ «ኬሚስትሪ ከበደኝ» ሲል ግን «ተወው፣ ለሐኪም ባዮሎጂ ይበቃል» እንላለን። ኧረ አይበቃም!

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከጤና ጣቢያ የሚሰጠን አንድ ከረጢት የኦአርኤስ ዱቄት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል። ጥርስንም የሚቦረቡረው ትል አይደለም፤ ጀርሞች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው። መጠኑን መለካትም፣ አሲዱን ማወቅም ኬሚስትሪ ነው።

ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያሻግረው የ12ኛ ክፍል ፈተናም ኬሚስትሪን ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎቻችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፍንም። ማስጠናት ባንችልም ጊዜ መስጠት አያቅተንም። ስለዚህ ማታ ማታ ልጆቻችንን፣ ይልቁንም ሴቶቹን፣ ከውሃ መቅዳትና ከጓዳ ሥራ እናሳርፋቸው። 12ኛን የጨረሳችሁ ልጆችም ታናናሾቻችሁን አስጠኑልን። የመካነ ሰላም ልጅ ጊዜ አጥቶ ከቀረ በኋላ ሐኪም ከሌላ አገር ብንጠብቅ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ስለ ማኅበሩ፣ ጸሐፊው