ባሕር ላይ ለቀሩት በሰበታ የስም ግድግዳ ይቁም

ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሚነሳው ከሰበታ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር፣ በሰሜን በኩል፣ ኦቦክና ጎዶሪያ አሉ። ወደ የመን የሚሻገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጀልባ የሚሳፈሩት እዚያ ነው።

በጥር 2011 ጎዶሪያ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ከሶማሊያ ተነስታ የመን ዳርቻ የሰጠመችው ጀልባ 260 ሰው ጭና ነበር፤ 145ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በማግስቱ 49 አስከሬን ሲቆጠር 140 ሰው የደረሰበት አልታወቀም ነበር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ደግሞ በየመን አቢያን ጠረፍ ሌላ ጀልባ ተገልብጣ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ስማቸው የተጻፈበት አንድ ድንጋይ ሊቆምላቸው ይገባል።

አስከሬን በሌለበት ልቅሶ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። መርዶ ነጋሪው የሚይዘው ማስረጃ የለውም። ጎረቤት ድንኳን እንትከል ሲል እናት «ልጄ ይደውላል» ብላ ትከለክላለች፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም። ፍትሐቱም ተስካሩም ሲንከባለል ይኖራል። የሚስት ጣጣ ደግሞ በሐዘን ብቻ አያበቃም። ሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስለሌላት የውርስ ጉዳይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው በፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥበት ቢፈቅድም፣ ይህን መንገድ የሚያውቀው ቤተሰብ ስንቱ ነው?

ባሕር ልጆቿን የሚበላባት የአሜሪካዋ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ግሎስተር ለዚህ መላ አበጅታለች። እ.ኤ.አ. በ1925 ባቆመችው ሐውልት ዙሪያ ዛሬ ባሕር ላይ የቀሩ ከ5,000 በላይ ሰዎች ስም በየዓመቱ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቱኒዚያዋ ዛርዚስ ናት። አልጄሪያዊው ሠዓሊ ረሺድ ቆረይሺ ማዕበል ለሚተፋቸው ስደተኞች ያሠራው መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ2021 ተመርቋል። ስሙ ያልታወቀ ሟች እንኳ የለበሰው ልብስና የተገኘበት ዳርቻ መቃብሩ ላይ ይጻፍለታል።

«በሕገ ወጥ መንገድ ለሄደ ሐውልት ማቆም ሌላውን ማደፋፈር ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውኃ አያነሳም። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ስም በዕድሜያቸው ተደርድሮ ያነበበ ወጣት፣ ከደላላ አፍ የማይሰማውን ይሰማል። ደግሞስ ለሞተ ልጅ ማልቀስ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚጠየቅበት?

ቦታው ሰበታ ቢሆን ያምራል፤ ሐዲዱ የሚነሳው ከዚያ ነውና። ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች መሬቱን መስጠት የአንድ አስተዳደር ውሳኔ ነው። ስም መሰብሰቡን እድሮች ይችሉበታል፤ የአባል ቤተሰብ መዝገብ አላቸው። አራት ተጨማሪ ዓምዶች ብቻ ይበቃሉ፦ የሟች ስም፣ ዕድሜ፣ የተነሳበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቦታ።

ከመስጠም ተርፈው የተመለሱትም በየሰፈሩ አሉ። ጀልባዋ ላይ ከጎናቸው ማን እንደተቀመጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ድንጋዩ እስኪጠረብ ሳይጠበቅ ቃላቸው አሁን ይመዝገብ።