ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን መንገድ ማን ይጠግነዋል?



በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ሳያይ አይሄድም። አንዳንዶቹ ምርኩዝ ይዘው፣ አንዳንዶቹ ሃሊኾን እየገፉ ይመጣሉ። ዛሬ የምንጽፈው ሁለቱንም የዳሌ መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ስላስቀየሩ ወገኖቻችን ነው።

ይህ ሕክምና አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንገዱን ካስያዘ ወዲህ ያረጀው መገጣጠሚያ ወጥቶ በብረት፣ በፕላስቲክ ወይም በሴራሚክ ይተካል። ብዙ ሕመምተኞች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቆመው ይራመዳሉ። ፈተናው የሚጀምረው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። አንድ ዳሌ የተቀየረለት ሰው ደረጃ ሲወጣ ደህናውን እግር፣ ሲወርድ የታከመውን እግር ያስቀድማል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተቀየሩለት ግን የሚመካበት ደህና እግር የለውም። የአውቶቡሱ ደረጃ ለእርሱ ተራራ ነው።

ብዙ ሐኪሞች ለሳምንታት ያህል አጥብቆ ማጎንበስን፣ እግር ማነባበርንና ዝቅ ያለ መቀመጫን ይከለክላሉ፤ መገጣጠሚያው እንዳይወልቅ ነው። በእኛ ቤት ግን ቡና የሚጠጣው ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ዝቅ ብሎ መቀመጥ ልማድ ነው። እናቶቻችን «ከሰው በላይ ከፍ ብዬ እንዴት እቀመጣለሁ?» እያሉ ያፍራሉ። ወገኖቻችን፣ ይሉኝታ ዳሌ ያወልቃል! ከፍ ያለ ወንበር ማቅረብ የባለቤቱ ግዴታ ይሁን እንጂ ሕመምተኛው እስኪለምን አይጠበቅ።

መብታችንንም እንወቅ። ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ የሚሠራው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ፊዚዮቴራፒያንና ሺኩምን፣ ማለትም የማገገሚያ ሕክምናን፣ ያካትታል። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ስለ ቋንቋና ባህል ተደራሽነት መመሪያ አውጥቷል። እንግዲህ የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የአያቱን የመውጫ ደብዳቤ እንዲተረጉም ማድረግ ሕጉን መፈጸም አይደለም። ልጁ «ደም መርጋት» የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ ያነበዋል፤ በአማርኛ ግን አያውቀውም። አያትየውም ባታቸው ሲያብጥና ሲያማቸው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ቶሎ መታከም እንዳለባቸው ሳይሰሙ ይቀራሉ። ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የትኛውም ሕመምተኛ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ በሰለጠነ አስተርጓሚ፣ ሳይነገረው ከሆስፒታል አይውጣ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም የት እንደሚያገግም ይወሰን።

ሁለተኛ፣ በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የእኩልነት መብት ሕግ የሕዝብ ማመላለሻንም ይመለከታል። አሽከርካሪዎች መወጣጫውን ይዘርጉ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሳይቀመጥም አይንቀሳቀሱ።

ሦስተኛ ለራሳችን ነው። ሃሊኾን፣ ምርኩዝና የመጸዳጃ ቤት ከፍ ያለ መቀመጫ ከያድ ሣራ በውሰት ይገኛል፤ ድርጅቱ ከ1976 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት ልጆች ሄደው ያምጡ። ወለል ላይ የሚያዳልጠውን ምንጣፍም ያንሡ። የፊዚዮቴራፒያ ቀጠሮ የዘገየበት ሰው አቤቱታውን በጽሑፍ ለኩፓት ሆሊሙ ያቅርብ፤ መልስ ካጣ በጤና ሚኒስቴር የአቤቱታ ተቀባይ አለ። «እግዚአብሔር ይማርዎት» ማለት መልካም ነው፤ ደብዳቤውን አብሮ መጻፍ ግን ይበልጣል።

በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው እስከ ሱዳን የተጓዙ ወላጆች ዛሬ ከጣቢያው እስከ ክሊኒክ ለመድረስ ሊቸገሩ አይገባም። ያ ሁሉ መንገድ ያደከመው እግር አሁን ተራው የእኛ ነው ይለናል።