የብድር መዝገብን ማመሳከር የተበዳሪው መብትና ግዴታ ነው

ሰቆጣ፦ በዋግ ኽምራ ደጋ ዝናብ ሲያጥር ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው በጉንና ፍየሉን ሸጦ ነው። እንዲህ በጭንቅ የተከፈለ ገንዘብ በመዝገብ ካልሰፈረ ግን እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለገጠሩ ሕዝብ ሲያበድር የኖረው በአብዛኛው በቡድን ዋስትና ነው። በዚህ አሠራር የአንዱ አባል ዕዳ የሌሎቹም ዕዳ ስለሆነ፣ በአንዱ ስም የተፈጸመ የመዝገብ ስሕተት የጎረቤቱንም የብድር በር ይዘጋል። ከዚህም በላይ ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያስተላልፉ፣ ስሕተቱ ሌላ አበዳሪ ዘንድም ይደርሳል።

ጦርነቱ ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ሰቆጣ ድረስ መዝለቁ አይዘነጋም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝገብ ቢጠፋ ለከፋዩ የሚመሰክርለት በእጁ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየዓመቱ አዝመራ እንደተሰበሰበ፣ አባላት ደብተራቸውንና ደረሰኛቸውን ከአበዳሪው መዝገብ ጋር እንዲያመሳክሩ ማስተባበር ይገባቸዋል። ስም እስከ አያት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ወለዱና ቀሪው ዕዳ አንድ በአንድ ይታይ፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። ልዩነት ከተገኘ አቤቱታው በጽሑፍ ቀርቦ ቅጂው በአመልካቹ እጅ ይቆይ። ዕዳውን የከፈለ ገበሬ በዘር ወቅት ባለዕዳ ተብሎ ከብድር መከልከል የለበትም።