ሐሳብ በሆድ ሲቀመጥ ይነቅዛል

ዛሬ ስለ አዲስ ሐሳብ የሚሰማኝን ልጽፍላችሁ ነው።

ታላላቆቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለሐሜት ከሆነ እውነት ነው። ሐሳብ ግን እንደ እህል ነው፤ አውጥተው ካልዘሩት ይነቅዛል።

ብዙዎቻችን ፈጠራ ሲባል ኮምፒውተርና ሮቦት ብቻ ይመስለናል። ለእኔ ግን ትልቁ ፈጠራ እዚሁ መንዝ ነው ያለው። ጓሳን ማለቴ ነው። ሣሩ ሁልጊዜ ከታጨደ እንደሚያልቅ ስለገባቸው አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕግ አወጡ። ቦታውን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱታል። የሚያስጠብቅ አለቃም ይመርጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር እስከ ዛሬ አለ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም አሉ።

ልብ በሉ! ያንን ሐሳብ ያሰበው ሰው በልቡ ይዞት ቢቀር ኖሮ ጓሳ ዛሬ ተራቁቶ ነበር። ሕጉ የሠራው ሁሉም ሰው ስላወቀው ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው ሕግ ላልቶ ሣሩ ተጎድቶ ነበር። ኋላ ግን ሕዝቡ ተመካክሮ በኮሚቴ መጠበቅ ጀመረ። ያኔም ያዳነው መነጋገር ነው።

እኛስ? በክፍላችን አንዲት ልጅ «ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ብናስገባው ለእጅ መታጠቢያ ይሆነናል» አለች። ገና ሳትጨርስ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ሐሳቧ መጥፎ ሆኖ ነው? እኛ እኮ ውኃ በጀሪካን ተሸክመን ነው የምንመጣው! በርሜሉ ከየት ይገኛል፣ ክዳንስ ይኑረው ወይ ብለን ብንጠይቃት ኖሮ ሐሳቡ ያድግ ነበር።

አንዳንዱ «የማይረባ ሐሳብም አለ እኮ» ይላል። አዎ፣ አለ። ግን የሚረባውን ከማይረባው የምንለየው መጀመሪያ ስንሰማው ነው።

ስለዚህ ሚኒ ሚዲያችን አርብ አርብ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ለአንድ ተማሪ 3 ደቂቃ ይስጥ። ተማሪውም ሦስት ነገር ይንገረን፦ ችግሩ ምንድን ነው? በእጃችን ባለው ነገር እንዴት ይፈታል? ማን ያግዘኝ? መምህራኖቻችንም ጥያቄ በመጠየቅ ያበረታቱን። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ቅድሚያ ያግኙ፤ ብዙ ጊዜ ዝም የምንለው እኛ ነንና።

እናንተም ጓደኞቼ፣ ሳቅ ቢመጣባችሁ ተናጋሪው እስኪጨርስ ያዙት።

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ