ያልተፈታው የእርግብ መልእክትና የተፈታልን ቃል

እ.ኤ.አ. በ1982 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሪ ውስጥ ብሌቺንግሌይ በምትባል መንደር፣ አንድ ሰው የቤቱን የጢስ መውጫ ሲያድስ የወፍ አጥንቶች አገኘ። በአንደኛው የእግር አጥንት ላይ ትንሽ ቀይ የመልእክት መያዣ ታስሮ ነበር። ሲከፈት በስስ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ መልእክት ወጣ። ወፏ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልእክተኛ እርግብ ነበረች።

በዚያ ጦርነት ብሪታንያ 250,000 ያህል እርግቦችን አሰማርታለች። ሬዲዮ በማይሠራበት ወይም ጠላት ሊጠልፈው በሚችልበት ቦታ ወታደሮች መልእክታቸውን ለእርግብ ያስይዙ ነበር። ይህች እርግብ የያዘችው ወረቀት እያንዳንዳቸው አምስት ፊደላት ያሏቸው 27 ቡድኖች ተጽፈውበታል፤ ሥሩም ላይ የአንድ ሳጅን ፊርማ አለ። የሁለት እርግቦች ቁጥር ስለተመዘገበበት፣ አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ ታድርስ ተብሎ በሁለት ቅጂ ሳይላክ አልቀረም። ይህችኛዋ ግን አላደረሰችም። ለአርባ ዓመት ገደማ የቤቱ ሰዎች ሲወጡና ሲገቡ፣ ሲበሉና ሲተኙ፣ መልእክቱ ከራሳቸው በላይ ተቀምጦ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ወረቀቱ በምስጢር ጽሑፍ ፍቺ የታወቁ ባለሙያዎች ባሉበት የብሪታንያ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በጂሲኤችኪው፣ እጅ ገባ። የባለሙያዎቹ መልስ አጭር ነበር፦ የኮድ መጽሐፉና ተጨማሪው ቁልፍ ካልተገኘ ይህን መልእክት መፍታት አይቻልም። እነዚህ ሰዎች እውቀት ወይም ኮምፒውተር አላነሳቸውም። ችግሩ ያለው ከአሠራሩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ በሚጠፋ ቁልፍ የተጻፈ መልእክት፣ ቁልፉ ከሌለ፣ ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። «ጥይት ላኩልን» ብሎ መፍታትም፣ «ድል አደረግን» ብሎ መፍታትም ይቻላል። ፊደላቱ ራሳቸው ማንንም ተሳስተሃል አይሉም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ካናዳዊ የታሪክ ወዳድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቀረ የኮድ መጽሐፍ እየታገዘ መልእክቱን በ17 ደቂቃ እንደፈታው ተናገረ። ፊደላቱን የቃላት ምህጻር አድርጎ ነበር ያነበባቸው። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ ባለሙያዎቹ ግን አልተቀበሉትም። ሰውየው በቅንነት እንደሠራ እናምናለን። ሆኖም ቁልፍ የሌለው ፈቺ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ራሱ ይዞት የመጣውን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ እርግብ ለማውራት አይደለም። በየጉባኤያችን መጽሐፍ ቅዱስን ልክ እንደዚያ ወረቀት የሚይዝ ልማድ እየበረታ ስለመጣ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር ከዳንኤል መጽሐፍ ባወጣው ስሌት ብዙ ሺህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1844 ጌታን ጠበቁ፤ ቀኑ አለፈ፤ ብዙዎች ልባቸው ተሰበረ። የሬዲዮ ሰባኪው ሃሮልድ ካምፒንግ ደግሞ አምስትን፣ አሥርንና አሥራ ሰባትን አባዝቶ፣ ውጤቱን እንደገና በራሱ አባዝቶ 722,500 ቀን አገኘ። ከጌታ ስቅለት ተነሥቶ ሲቆጥርም እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2011 ላይ ደረሰ። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ችግሩ አምስት፣ አሥርና አሥራ ሰባት ይባዙ ያለ ማንም አለመኖሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት ካምፒንግ ራሱ ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበር አምኗል። ለዚህ ኑዛዜው እናከብረዋለን፤ ስንቶች አላደረጉትም!

እኛስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮን የሚጸልይ አንድ ወጣት ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አቋረጠ። አንድ ሰባኪ ከራእይ መጽሐፍ ቁጥሮች ያወጣውን «ምስጢር» ሰምቶ፣ ጊዜው አልቋል ብሎ ነው። ቀኑ አለፈ። ወጣቱ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም፤ ወደ ጉባኤም አልመጣም። በጣም የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። ያ ስብከት ልክ እንዳልሆነ ብዙዎቻችን እናውቅ ነበር። «መገለጥ ነው» ስለተባለ ግን «ቅቡን መንካት ይሆንብናል» ብለን ዝም አልን። ዝምታችን የወንድማችንን እምነት አስከፈለ።

አንዳንዱ «ታዲያ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምስጢር የለም?» ይለን ይሆናል። አለ። ጴጥሮስ ራሱ በጳውሎስ መልእክቶች ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለ አልሸሸገም (2ጴጥ. 3፥16)። እኛም ስናነብ የማይገቡን ክፍሎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጳውሎስ «ምስጢር» ሲል ጥቂቶች ብቻ የሚፈቱት ኮድ ማለቱ አይደለም። ቀድሞ ተሰውሮ የነበረ፣ አሁን ግን ለአሕዛብ ሁሉ በግልጽ የታወጀ ነገር ማለቱ ነው (ሮሜ 16፥25-26)። የምስጢሩም ስም ክርስቶስ ነው (ቆላ. 2፥2-3)። ያልተገለጠው ደግሞ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ የተገለጠው እንድንታዘዘው ለእኛና ለልጆቻችን ተሰጥቷል (ዘዳ. 29፥29)። ቀኑንና ሰዓቱን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ ጌታ ከተናገረ፣ በካልኩሌተር ማን ሊደርስበት ነው?

በጢስ መውጫው የተገኘው ወረቀትና በእጃችን ያለው መጽሐፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የሳጅኑ መልእክት ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ ተጻፈ። እግዚአብሔር ግን ዕንባቆምን ራእዩን ግልጽ አድርጎ በጽላት ላይ እንዲጽፍ፣ የሚሮጥ ሰው እንኳ እንዲያነበው አዘዘው (ዕንባ. 2፥2)። ያኛው ቁልፉ ጠፍቷል። የዚህኛው ቁልፍ ግን ከሞት ተነሥቶ በኤማሁስ መንገድ ከሁለት ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ጋር ተራመደ፤ ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ ስለ ራሱ የተጻፈውን ተረጎመላቸው (ሉቃ. 24፥27)። ጌታ ለእነዚያ ሰዎች የፊደል ቁጥር አልደመረላቸውም። መከራን ስለሚቀበልና ወደ ክብሩ ስለሚገባ መሢሕ ነገራቸው፤ ልባቸውም ተቃጠለ።

ስለዚህ «ጥልቅ መገለጥ» ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ ትምህርት ወደ ክርስቶስ መስቀልና ትንሣኤ ይወስደናል ወይስ ወደ ተናጋሪው? በክፍሉ ላይ ያሉት ቃላት በእርግጥ ይህን ይላሉ ወይስ ፈቺው ይዞት የመጣው ነው? የቤርያ ሰዎች እንዳደረጉት መጽሐፉን ገልጠን ብንመረምር ሰባኪው ደስ ይለዋል ወይስ ይቆጣል? የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን መረመሩ፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም (ሐዋ. 17፥11)።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ እርሱ ደግሞ ከሐሰተኛ ፈቺዎች ይልቅ ራሳችንን ይመለከታል። በኢሳይያስ ዘመን መጽሐፉ ማንበብ ለሚያውቅ ሲሰጠው «ታትሟል» አለ፤ ለማያውቅ ሲሰጠው «አላነብም» አለ (ኢሳ. 29፥11-12)። ሁለቱም ሳያነቡት ቀሩ። ዛሬም «ያ ለአገልጋዮች ነው» እንላለን፤ መጽሐፉ በቁም ሳጥን፣ ወይም በስልካችን ውስጥ ሳይከፈት ወራት ያልፋሉ። ባለሙያዎች አንዲትን ወረቀት ለመፍታት ያን ያህል ሲደክሙ፣ እኛ የተፈታልንን ደብዳቤ ከራሳችን በላይ አስቀምጠን እንኖራለን። የምስጢር ነጋዴዎች ገበያ የሚደራውም እኛ ስለማናነብ ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ልዩ ቁልፍ የያዘ ሰው አትጠብቁ። ዛሬ ማታ የማርቆስን ወንጌል ክፈቱና «ጌታ ሆይ፣ ራስህን አሳየኝ» ብላችሁ ጀምሩ። ያልገባችሁን ምልክት አድርጉበትና ጠይቁ። የገባችሁን ታዘዙ። ከእኛ ርቆ የቀረው ያ ወንድማችንም ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ዝም ስላልን ይቅር በለን፤ በሩ ክፍት ነው፤ አብረን እናነባለን።

ጌታ አእምሯችንን ይክፈት። አሜን።